ሳሃፋ ላይ የዓሣ ገንዳ ፓምፕ ሲመርጡ

ፓምፕ ሊገዛ ሱቅ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ለመቶ ሊትር ገንዳ በሰዓት ስንት ሊትር የሚገፋ ይበቃኛል?» ብሎ ነው። አጭሩ መልስ ከ400 እስከ 500 ሊትር ነው። ይህ ቁጥር ካርቶኑ ላይ የታተመው አይደለም፤ ገንዳው ውስጥ በእርግጥ የሚዞረው ውሃ ነው። አል-ሳሃፋን በመሰለ፣ መብራት ሄዶ በሚመጣበት የካርቱም ሰፈር ለሚኖር ሰው ግን መልሱ ገና ግማሽ ነው። ቀሪው ግማሽ ፓምፑ በቀን ስንት ሰዓት ይሠራል የሚለው ነው። በሰዓት ሺህ ሊትር እየገፋ መብራት ሲጠፋ ከሚቆም ፓምፕ ይልቅ በሰዓት መቶ ሃምሳ ሊትር ብቻ እየገፋ ሌሊቱን ሙሉ የማይቆመውን እመርጣለሁ። ምክንያቱን ከነስሌቱ አስቀምጣለሁ፤ ስሌቱ ቀላል ነው፣ ስልክ ላይ ባለ ካልኩሌተር ይሠራል።

ሳሃፋ ከዴም እና ከጅሬፍ ጋር ሐበሻ ከሚበዛባቸው የካርቱም ሰፈሮች አንዱ ሆኖ ኖሯል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሣ ብዙው ሰው ቤቱን ጥሎ ወጣ፤ በገዳሪፍ አድርጎ መተማ የገባም ጥቂት አይደለም። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የሱዳን ጦር የካርቱምን ክፍለ ግዛት ሙሉ በሙሉ መቆጣጠሩን ካስታወቀ ወዲህ ወደ ከተማዋ የሚመለሰው ሰው በርክቷል። ገና ቤቱን እያደራጀ ላለ ሰው የዓሣ ገንዳ ቅንጦት ሊመስል ይችላል። እኔ ግን ልጆች ባሉበት ቤት ውስጥ የሚመገብ፣ የሚታይና የሚጠበቅ ሕይወት መኖሩን እንደ ትልቅ ነገር እቆጥረዋለሁ። ስለዚህም ዓሣዎች በበሽታ ሳይሆን በማጣሪያ አመራረጥ ስሕተት ሲያልቁ ያሳዝነኛል።

ማጣሪያው ውስጥ የሚሠራው ማን ነው?

ዓሣ የበላው ምግብ ውስጥ ካለው ፕሮቲን የሚተርፈውን በአሞኒያ መልክ፣ በአብዛኛው በስንጥቡ በኩል፣ ወደ ውሃው ይለቀዋል። አሞኒያ መርዝ ነው። እንደ ኒትሮሶሞናስ ያሉ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል፤ እሱም መርዝ ነው። ከዚያ ናይትሮስፒራ የተባሉት ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ያደርሱታል፤ ናይትሬት ደግሞ ውሃ እየቀየሩ የሚቀንሱት፣ ጉዳቱ በእጅጉ የቀለለ ነገር ነው። ሁለተኛውን ሥራ የሚሠራው ናይትሮባክተር ነው ተብሎ ለረጅም ዘመን ሲጻፍ ነበር። ቲም ሆቫኔክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጡት ጥናት በዓሣ ገንዳዎች ውስጥ ሥራውን የያዘው ናይትሮስፒራ መሆኑን አሳዩ። ስለዚህ ጠርሙሱ ላይ «ናይትሮባክተር» ብቻ ተብሎ የተጻፈበት ፈሳሽ ሲቀርብልዎ ገንዘብዎን ለጥሩ ስፖንጅ ቢያውሉት ይሻላል።

እነዚህ ባክቴሪያዎች በአብዛኛው በውሃው ውስጥ አይዋኙም። ስፖንጁ፣ ጠጠሩና የገንዳው ግድግዳ ላይ ተጣብቀው ይኖራሉ፤ ምግባቸው የሚደርሳቸው ውሃው ሲሄድላቸው ነው። ውሃው ሁለት ነገር ይዞላቸው ይሄዳል፤ አሞኒያ እና ኦክስጅን። አንድ ሚሊግራም የአሞኒያ ናይትሮጅን ወደ ናይትሬት ለመድረስ ወደ 4.6 ሚሊግራም ኦክስጅን ይፈጃል። ይህንን ቁጥር ይያዙት፤ መብራት ስለ መጥፋት ስናወራ ዋናው ነገር እሱ ነው።

ሌላም መታወቅ ያለበት አለ። አሞኒያ ውሃ ውስጥ በሁለት መልክ ይገኛል፤ ክፉኛ የሚጎዳው አንዱ ብቻ ነው። የዚህ ክፉ መልክ ድርሻ ውሃው አልካላይን እየሆነና እየሞቀ ሲሄድ ያድጋል። ፒኤች 7 እና ሙቀት 25 ዲግሪ በሆነ ውሃ ውስጥ ከጠቅላላው አሞኒያ መርዘኛው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ፒኤች 8 እና ሙቀት 30 ዲግሪ ሲሆን ወደ 7.5 ከመቶ ይደርሳል። የዓባይ ውሃ ፒኤች ብዙ ጊዜ 8 አካባቢ ነው፤ የሳሃፋ በጋ ደግሞ የታወቀ ነው። እናም አውሮፓ ውስጥ ላለ ገንዳ «ችግር የለውም» የሚባለው የአሞኒያ መጠን እርስዎ ዘንድ ዓሣ ሊገድል ይችላል።

ገንዳውን ይለኩ

ሻጩ «የመቶ ሃምሳ ሊትር ነው» ቢልዎም ሜትር ያውጡ። ርዝመቱን፣ ስፋቱንና የውሃውን ከፍታ በሴንቲሜትር ለክተው ያባዙና ለ1000 ያካፍሉ። ከፍታው የሚለካው እስከ ውሃው አናት ድረስ ነው እንጂ እስከ መስታወቱ ጫፍ አይደለም። 80 በ35 የሆነ ገንዳ ውሃው 40 ሴንቲሜትር ላይ ከቆመ 112 ሊትር ይሆናል። ጠጠሩና ድንጋዩ የሚወስደውን አንድ አሥረኛ ያህል ሲቀንሱለት መቶ ሊትር ይቀራል። ከዚህ በኋላ ሁሉንም ነገር የማሰላው በዚህ መቶ ሊትር ነው።

ምግቡን ይመዝኑ

ይህንን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ እኔ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ይመስለኛል። ማጣሪያው የሚሸከመው ሸክም በገንዳው ስፋት ወይም በዓሣው ቁጥር አይወሰንም። የሚወስነው በየቀኑ የሚጥሉት ምግብ ነው። የወርቅ ሱቅ ዓይነት ትንሽ ሚዛን ካገኙ የአንድ ቀን ምግብ ይመዝኑ። ካላገኙ 30 ግራም የሚለውን የምግብ ቆርቆሮ በስንት ቀን እንደሚጨርሱት ይቁጠሩ፤ በአሥር ቀን ካለቀ በቀን 3 ግራም ነው።

በዓሣ እርባታ የሚሠራበት ስሌት ይህ ነው፤ የምግቡን ክብደት በፕሮቲኑ ድርሻ፣ ከዚያም በ0.092 ያባዙ። ፕሮቲኑ 35 ከመቶ የሆነ 3 ግራም ምግብ ወደ 97 ሚሊግራም የአሞኒያ ናይትሮጅን ይሰጣል፤ በሰዓት ሲከፈል 4 ሚሊግራም ነው።

አሁን ፍሰቱ ይወጣል። በገንዳው ውስጥ ያለው አሞኒያ በሊትር ከ0.1 ሚሊግራም እንዳያልፍ እንፈልጋለን እንበል፤ በፒኤች 8 እና በ30 ዲግሪ መርዘኛው ክፍል ያኔ 0.0075 ገደማ ስለሚሆን ዓሣውን አያሠጋውም። በደንብ ያደገ ማጣሪያ ውሃው አንድ ጊዜ ሲያልፍበት ከአሞኒያው 30 ከመቶውን ያስቀራል ብለን ብንወስድ ከእያንዳንዱ ሊትር 0.03 ሚሊግራም ይወጣል። በሰዓት 4 ሚሊግራም ለማውጣት 133 ሊትር ማሳለፍ ይበቃል ማለት ነው። ለመቶ ሊትር ገንዳ በሰዓት አንድ ዙር ከሲሶ!

ታዲያ ከ400 እስከ 500 ያልነው ለምንድን ነው? ባክቴሪያዎቹ ስለሚፈልጉት አይደለም። ፍሰቱ ሌላም ሥራ አለበት፤ ከጥጉ ጥራጊውን ማንሣት፣ የውሃውን አናት ማንቀሳቀስ፣ ሙቀቱን ማመጣጠን። ስፖንጁም በሳምንት ውስጥ ይደፈንና ፍሰቱ ይወርዳል። ስለዚህ ጨዋማ ላልሆነ ውሃ በሰዓት ከ4 እስከ 5 ዙር የሚለው የልምድ ቁጥር በቂ ትርፍ አለው። ቆሮሶ የሚያሳድጉ ከሆነ ደግሞ ብዙ ስለሚበላና ስለሚያቆሽሽ ወደ 8 ዙር ከፍ ማለት ያስኬዳል። ዓሣው እያደገ ሲሄድ ምግቡም ያድጋል፤ በቀን 6 ግራም ሲደርስ 133ቱ 266 ሆነ ማለት ነው። ያኔ ሚዛኑን እንደገና ያውጡ።

ፓምፑ ላይ የተጻፈውን ያንብቡ

ካርቶኑ ላይ «800 ሊትር በሰዓት» የሚለው ፓምፑ ምንም ሳይሸከም፣ ቱቦም ስፖንጅም ሳይኖረው፣ ውሃውን ወደ ላይ ሳያነሣ የሚገፋው ነው። ከጎኑ ውሃ ሊያነሣ የሚችልበት የመጨረሻ ከፍታ ተጽፏል፤ ለምሳሌ 1 ሜትር። ይህ ማለት ውሃው አንድ ሜትር ላይ ሲደርስ ፍሰቱ ዜሮ ነው። ግማሽ ሜትር ቢያነሡበት ወደ ግማሽ ገደማ ይወርዳል፤ ስፖንጁና የቱቦው እጥፋት ደግሞ ሌላ ሩብ ይወስዱበታል። 800 የነበረው 300 ሆኖ ይገኛል። ማጣሪያዎ ከገንዳው በታች ቁም ሳጥን ውስጥ ከሆነ ወይም ከላይ በተቀመጠ ሣጥን ውስጥ ውሃ የሚያፈስ ከሆነ ከፓምፑ የውሃ አናት እስከ መውጫው ያለውን ከፍታ ሳይለኩ ፓምፕ አይግዙ።

ሳሃፋ ላይ ሁለት ተጨማሪ ነገሮች ይመልከቱ። አንደኛው ሄርዝ ነው። ከጅዳና ከሪያድ በሻንጣ የሚመጣ ዕቃ ብዙ ነው፤ የሳዑዲ መብራት 60 ሄርዝ ሲሆን የሱዳን 50 ነው። ለ60 ብቻ የተሠራ የተለመደ የኤሲ ፓምፕ ካርቱም ላይ ከፍጥነቱ አንድ ስድስተኛውን ያጣል፤ ውሃ የሚያነሣበት ከፍታ ደግሞ ወደ 30 ከመቶ ይቀንሳል። «50/60» ተብሎ የተጻፈበት ከሆነ ችግር የለም፤ ግን የትኛው የሊትር ቁጥር ለ50 እንደሆነ ያረጋግጡ።

ሁለተኛው የሙከይፍ ፓምፕ ነው። በውሃ የሚሠራው የመስኮት ማቀዝቀዣ፣ ሙከይፍ ሞያ የሚሉት፣ ውስጡ ትንሽ ፓምፕ አለው፤ መለዋወጫው በየገበያው በርካሽ ስለሚገኝ ለዓሣ ገንዳም የሚያውሉት አሉ። ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንዳንዱ ሞተሩ ከውሃ በላይ እንዲቀመጥ የተሠራ ነው፤ እሱን ገንዳ ውስጥ መዝፈቅ በኤሌክትሪክ መጫወት ነው። ሙሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ የሚገባው ዓይነት ቢሆን እንኳ ውሃ የሚነካው ብሎንና ዘንግ መዳብ ወይም ናስ መሆን የለበትም፤ የዋቱም ቁጥር ይታይ። ለመቶ ሊትር ገንዳ 5 ወይም 8 ዋት ይበቃል። 30 ዋት የሚበላ ፓምፕ መብራቱን ከመፍጀቱ በላይ ያንኑ 30 ዋት ሙቀት አድርጎ ውሃው ውስጥ ይለቀዋል፤ በግንቦት ወር የማይፈልጉት ነገር ነው። የትኛውንም ፓምፕ ቢገዙ ገመዱን ከሶኬቱ በታች ዝቅ ብሎ እንዲታጠፍ ያድርጉ፤ በገመዱ ላይ የሚወርደው ውሃ ሶኬቱ ጋ ሳይደርስ እጥፋቱ ላይ ይንጠባጠባል። እጅዎን ገንዳው ውስጥ ከማስገባትዎ በፊት ሁሌም ይንቀሉት።

በጀሪካን ይለኩት

ፓምፑ ተገጥሞ፣ ስፖንጁም ውስጥ ገብቶ ሥራ ከጀመረ በኋላ የመውጫውን ቱቦ ባለበት ከፍታ ላይ ሆኖ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ውስጥ ያድርጉትና በስልክዎ ሰዓት ይያዙ። 5ን በ3600 አባዝተው በፈጀው ሰከንድ ያካፍሉ። በ45 ሰከንድ ከሞላ 400 ሊትር በሰዓት ነው፤ በ60 ሰከንድ ከሆነ 300፤ ሁለት ደቂቃ ከወሰደበት 150 ብቻ ነው። ቁጥሩንና ቀኑን በፕላስተር ላይ ጽፈው ማጣሪያው ላይ ይለጥፉት። ይህች ወረቀት ከማንኛውም መሣሪያ በላይ ታገለግልዎታለች፤ 45 ሰከንድ የነበረው 70 ሲደርስ ስፖንጁ የሚታጠብበት ጊዜ ደርሷል።

ፍሰቱ ከበዛ የሚቀንሱት በመውጫው በኩል ነው። መግቢያውን ካፈኑት ፓምፑ አየር እየሳበ ይንጫጫል፣ ዕድሜውም ያጥራል። መውጫው ላይ ቫልቭ ያድርጉ፤ ወይም ቀዳዳ የበዛበት ቱቦ አግድም አስረው ውሃው በመስታወቱ ርዝመት ላይ እንዲከፋፈል ያድርጉ። መብዛቱን ዓሣዎቹ ይነግሩዎታል። ክንፋቸው ረጅም የሆነ ጋፒዎች ጥግ ይዘው ካልወጡ፣ የጣሉት ምግብ ሳይበላ ማጣሪያው አፍ ላይ ከተለጠፈ፣ አሸዋው አንድ ቦታ ላይ ተገፍፎ መስታወቱ ከታየ ፍሰቱ በዝቷል። ቆሮሶ ግን ወራጅ ውሃ አይከብደውም።

የባክቴሪያው ማደሪያም ከፍሰቱ ጋር መስማማት አለበት። ደቃቅ ስፖንጅ ላይ ብዙ ፍሰት ቢለቁ ውሃው ስፖንጁን ጨፍልቆ በጎን መንገድ ያበጅና ያልፋል፤ ባክቴሪያዎቹ ሳይነኩት። ከረር ያለ ፍሰት ካለዎት ሻካራ ስፖንጅ፣ የተሰባበረ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ወይም የታጠበ የውሃ ጠርሙስ ክዳን ይጠቀሙ። ክዳኑ በነፃ የሚገኝ ነው፤ ወደ ውስጥም ወደ ውጭም ገጽ ስላለውና ስለማይደፈን እወደዋለሁ። ብዛቱ ግን ከስፖንጅ ይልቅ ጨመር ማለት አለበት።

ሙቀቱና ኦክስጅኑ

ውሃ ሲሞቅ የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል። ካርቱም ከባሕር ወለል በላይ 380 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በዚህ ከፍታ ንጹሕ ውሃ በ25 ዲግሪ በሊትር ወደ 7.9 ሚሊግራም ኦክስጅን ይይዛል፣ በ30 ዲግሪ ወደ 7.2፣ በ35 ዲግሪ ወደ 6.6። ዓሣው ግን ውሃው ሲሞቅ የሚፈልገው ኦክስጅን ይጨምራል፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ከፍ ሲል ፍላጎቱ በግምት እጥፍ ይሆናል። ከአዲስ አበባ ዓሣ የማሳደግ ልምድ ይዘው ለመጡ ደግሞ አንድ የሚገርም ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ ከፍታዋ 2300 ሜትርን ስለሚያልፍና አየሩ ስለሚሳሳ 20 ዲግሪ የሆነ ውሃዋ የሚይዘው ኦክስጅን 6.9 አካባቢ ነው፤ ካርቱም ላይ 33 ዲግሪ ከደረሰ ውሃ ጋር አንድ ነው። ልዩነቱ የአዲስ አበባው ዓሣ በብርድ ውስጥ ዝግ ብሎ የሚኖር መሆኑ ነው። የሳሃፋው ግን በዚያው ኦክስጅን ላይ እጥፍ ይተነፍሳል።

ከዚህ የሚወጣው ምክር፣ የፓምፑን መውጫ ወደ ውሃው አናት ይዘው ውሃው ዘወትር እንዲሸበሸብ ማድረግ ነው። ኦክስጅን የሚገባው በዚያ በኩል ነው። መውጫውን ወደ ታች ቀብሮ ፓምፑን ከማጠንከር፣ ያንኑ ፓምፕ ወደ ላይ ማዞር ይበልጣል።

ሙቀቱን ለማውረድ ክዳኑን ከፍተው ትንሽ ቬንትሌተር በውሃው አናት ላይ ያንፍሱ። የሳሃፋ አየር ደረቅ በሆነባቸው ወራት ውሃው እየተነነ ሁለት ሦስት ዲግሪ ይወርዳል፤ ዚር በሚሉት የሸክላ ማሰሮ ውስጥ ያለ ውሃ የሚቀዘቅዘው በዚሁ መንገድ ነው። የጎደለውን በየቀኑ መሙላት አይርሱ፤ ውሃው ዝቅ ካለ ፓምፑ የሚያነሣበት ከፍታ ይጨምርና ፍሰቱ ይቀንሳል። ጎልድፊሽን በተመለከተ ግን በግልጽ ልናገር፤ ቀዝቃዛ ውሃ የሚወድ ዓሣ ነው፣ ማቀዝቀዣ ዘወትር በማይሠራበት ቤት አያምጡት። ቆሮሶ ወይም ጋፒ ይበቃል።

መብራት ሲጠፋ

ከጦርነቱ በፊትም የበጋ መብራት በፈረቃ ነበር። በጦርነቱ ውስጥ ደግሞ ማከፋፈያዎችና ገመዶች ተጎድተዋል፤ በ2017 ዓ.ም. የመረዌ ግድብ የኃይል ማሠራጫ በድሮን ተመትቶ ኦምዱርማንን ጨምሮ ብዙ ቦታ ጨለማ ውስጥ ገብቶ ነበር። ስለዚህ የፓምፕ ምርጫዎ መብራት እንደሚጠፋ ከወዲሁ አውቆ መሠራት አለበት።

ዝግ የውጭ ማጣሪያ፣ ማለትም ከገንዳው ውጭ በታሸገ በርሜል የሚመጣው ዓይነት፣ ሲቆም ምን እንደሚሆን እናስላ። ውስጡ 3 ሊትር ውሃ አለ፤ በሊትር 6.5 ሚሊግራም ቢኖረው ወደ 20 ሚሊግራም ኦክስጅን ነው። ባክቴሪያዎቹ በሰዓት 4 ሚሊግራም አሞኒያ ሲሠሩ የነበሩ ናቸው፤ በ4.6 ሲባዛ በሰዓት ወደ 18 ሚሊግራም ኦክስጅን ይበላሉ። በዚህ ፍጥነት የታሸገው ኦክስጅን ከአንድ ሰዓት ብዙም አያልፍም። አሞኒያው ሲያልቅባቸው ፍጆታቸው ቢቀንስም ስፖንጁ ላይ ያለው ጥራጊ መበስበሱን አያቆምም፤ እሱም ኦክስጅን ይፈልጋል። ጥቂት ሰዓት ከቆየ በኋላ በርሜሉ የታፈነ ጉድጓድ ይሆናል። መብራቱ ሲመጣ ፓምፑ በራሱ ተነሥቶ ያንን ውሃ ገንዳው ውስጥ ይረጨዋል። ሌሊት የጠፋ መብራት ንጋት ላይ መጥቶ ዓሣዎች ጠዋት ሞተው የሚገኙት አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው።

መፍትሔው ሁለት ማጣሪያ ማኖር ነው፤ አንዱ በመብራት የሚሠራው ዋናው፣ ሁለተኛው በአየር ፓምፕ የሚሠራ ተራ ስፖንጅ። የአየር አረፋ በቱቦው ውስጥ ሲወጣ ውሃውን በስፖንጁ በኩል ይስበዋል፤ እንደ ቱቦው ስፋትና እንደ ጥልቀቱ በሰዓት ከመቶ እስከ ሁለት መቶ ሊትር ያህል ያንቀሳቅሳል። ቀደም ብለን ያወጣነውን 133 ሊትር ያስታውሱ። ባክቴሪያዎቹ በእርግጥ የሚፈልጉትን ፍሰት 3 ዋት የሚበላ የአየር ፓምፕ ይሸፍነዋል፤ ኦክስጅንም ይጨምርበታል። ነገር ግን ስፖንጁ ሁልጊዜ ገንዳው ውስጥ እየሠራ የቆየ መሆን አለበት። መብራት በጠፋ ቀን ከካርቶን የወጣ አዲስ ስፖንጅ አንድም ባክቴሪያ የለበትም፤ አየር ከመስጠት ያለፈ አይረዳዎትም።

ባትሪውን እንዲህ ያስሉ። ባለ 12 ቮልት፣ 7 አምፒር-ሰዓት ባትሪ 84 ዋት-ሰዓት ይይዛል፤ የአሲድ ባትሪ ከግማሽ በታች ማውረድ ስለማይገባ 42 ይወሰድ። 3 ዋት ለሚበላ ባለ 12 ቮልት የአየር ፓምፕ 14 ሰዓት ነው፤ አንድ ሌሊት ይሸፍናል። 10 ዋት ለሚበላ የውሃ ፓምፕ 4 ሰዓት ነው። 30 ዋቱ የሙከይፍ ፓምፕ አንድ ሰዓት ተኩል እንኳ አይሞላም፤ በኢንቨርተር ካለፈ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ስለዚህ ከተቻለ ኢንቨርተር ውስጥ የማይገባ፣ በቀጥታ በ12 ቮልት የሚሠራ ይግዙ። ከጦርነቱ ወዲህ የፀሐይ ፓነል በካርቱም በየጣሪያው ወጥቷል። 3 ዋት ቀኑን ሙሉ 72 ዋት-ሰዓት ነው፤ ባለ 30 ዋት ትንሽ ፓነል በቀን አምስት ሰዓት ጥሩ ፀሐይ ቢያገኝና ሲሶው በመንገድ ላይ ቢባክን እንኳ መቶ ያህል ያመጣል። ጣሪያው የጋራ በሆነበት፣ ሆሽ በሚሉት ግቢ ውስጥ ተከራይተው የሚኖሩ ከሆነ ይህን የምታህል ፓነል መስኮት ላይም ትታሰራለች።

የአየር ፓምፑን የት እንደሚያስቀምጡም ያስቡበት። የክፍሉን አየር ስቦ በቀጥታ ወደ ውሃው ነው የሚያስገባው። ቡና የሚፈላበት፣ ከሰል የሚቀጣጠልበት፣ ዕጣን ወይም በኹር የሚጨስበት ጥግ አጠገብ ከሆነ ጭሱንም ያስገባል። የትንኝ መርጫ ፍሊት በሚረጭበት ምሽት ፓምፑ ከክፍሉ ውጭ ሆኖ ቱቦው ብቻ ይግባ። ከውሃው አናት ከፍ አድርገውም ያኑሩት፤ ሲቆም ውሃው በቱቦው ተመልሶ እንዳይወርድበት።

መብራት በጠፋ ጊዜ ምግብ አይስጡ። ዓሣ አንድ ቀን ቢጾም ምንም አይሆንም፤ የሚጨመረው ምግብ ግን አሞኒያ ነው። ዝግ ማጣሪያ ካለዎት ከሶኬቱ ነቅለው ይተዉት፣ በራሱ እንዳይነሣ። ከሁለት ሰዓት በላይ ከቆየ ይክፈቱት፣ ውስጡ ያለውን ውሃ ይድፉ፣ ስፖንጁን በገንዳው ውሃ አለቅልቀው መልሰው ያስነሡት። የተበላሸ እንቁላል ሽታ ከሸተትዎ ከዚያ ውሃ ጠብታም ወደ ገንዳው እንዳይመለስ። ከላይ ሆኖ የሚያንጠባጥብ ባለ ሣጥን ማጣሪያ በዚህ ረገድ ይሻላል፤ ማደሪያው ከአየር ጋር ስለሚገናኝ ባክቴሪያዎቹ እርጥብ እስከሆኑ ድረስ አይታፈኑም። ብቻ የሳሃፋ አየር ቶሎ ያደርቃል፤ ሣጥኑን ከድነው በየጥቂት ሰዓቱ አንድ ጣሳ የገንዳ ውሃ ያፍስሱበት።

ውሃው ከየት ይመጣል?

በክረምት ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርደው የጥቁር ዓባይ ጎርፍ ደለል ይዞ ይመጣል። የህዳሴው ግድብ ከሐምሌ 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ውሃ መያዝ በመጀመሩ ከደለሉ ብዙው ግድቡ ላይ ይቀራል፤ ያም ሆኖ የደፈረሰ ውሃ ወደ ቤት የሚመጣባቸው ቀናት አሉ። ደቃቅ ጭቃ ስፖንጁ ውስጥ ገብቶ ባክቴሪያዎቹን ይሸፍናል፣ ፍሰቱንም ያፍናል። በቧንቧም ሆነ አህያ በሚጎትተው ካሮ የመጣን ውሃ መጀመሪያ በርሜል ውስጥ አንድ ቀን ያሳርፉ፤ ከላይ ያለውን ብቻ ይቅዱ፣ የታችኛውን አንድ ጋት ይተዉት።

ማሳረፉ ለክሎሪንም ይጠቅማል። በ2017 ዓ.ም. ኮሌራ ካርቱምን ሲያጠቃ የመጠጥ ውሃ ክሎሪን ጠንከር ተደርጎ ይደረግበት ነበር፤ ለሰው ሕይወት አድን የሆነው ይህ ነገር የማጣሪያዎን ባክቴሪያ ይገድላል። በርሜሉን ክፍት አድርገው፣ ፀሐይ አይቶት፣ ከተቻለም የአየር ቱቦ ገብቶበት ይደር። ክሎሪን ማጥፊያ ጠብታ ካገኙ የበለጠ አስተማማኝ ነው። ስፖንጅ በቧንቧ ውሃ አይታጠብም፤ ከገንዳው በተቀዳ ባልዲ ውሃ ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ ይደረጋል፣ ይበቃዋል። ሁለት ማጣሪያ ካለዎት በአንድ ቀን ሁለቱንም አያጥቧቸው።

አዲስ ገንዳ ከሆነ

ባክቴሪያዎቹ እስኪበዙ ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል፤ በሳሃፋ ሙቀት ወደ ሦስቱ ይቀርባል። ጊዜውን ለማሳጠር የተሻለው መንገድ ጤነኛ ዓሣ ካለው ጎረቤት ሲሠራ የቆየ የስፖንጅ ቁራጭ መለመን ነው፤ በእርጥብ ጨርቅ ሳይሆን ውሃ ውስጥ እንዳለ፣ በዚያው ሰዓት ወደ ገንዳዎ ይምጣ። በእነዚህ ሳምንታት ፓምፑን አይጨምሩት፣ አይቀንሱት፣ ቀንም ሌሊትም አያጥፉት። ዓሣ ጥቂት፣ ምግብም ጥቂት ይሁን።

የአሞኒያና የናይትራይት መመርመሪያ ካገኙ በየሦስት ቀኑ ይለኩ። ሁለቱም ዜሮ ሆነው ለአንድ ሳምንት ከቆዩ ማጣሪያው ደርሷል። በኋላ ላይ አሞኒያ ብቅ ካለ ሰዎች መጀመሪያ የሚሮጡት ትልቅ ፓምፕ ፍለጋ ነው። እርስዎ መጀመሪያ ጀሪካኑን ያውጡና የፕላስተሩ ላይ ቁጥር መውረዱን ይዩ፤ ከወረደ ስፖንጁን ይጠቡ። ካልወረደ ምግቡን ይመዝኑ። ምግቡም ካልጨመረ ውሃው ክሎሪን ይዞ መጥቶ እንደሆነ፣ ወይም መብራት ጠፍቶ ማጣሪያው ታፍኖ እንደሆነ ያጣሩ። እነዚህ ሁሉ ደህና ሆነው አሞኒያው ከቀጠለ የጎደለው ማደሪያ ነው፤ አንድ ስፖንጅ ወይም ሁለት እፍኝ ክዳን ይጨምሩ። ፓምፕ የሚቀይሩት ስፖንጁ ታጥቦ፣ ቱቦው ተጠርጎ፣ የፓምፑ ማራገቢያም ወጥቶ ተጸድቶ ባለ 5 ሊትሩ ጀሪካን አሁንም ከአንድ ደቂቃ በላይ ሲፈጅበት ነው።